ያልታመመውን መቁረጥ

እንሰት በአጠውላጊ በሽታ ሲያዝ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከመሃል ይጀምራል። አዲስ የወጣው የመሃል ቅጠል ጫፉ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠወልግና ይታጠፋል፤ የቀሩትም በየተራ ይከተሉታል። የተጠራጠረ ገበሬ የቅጠሉን ዘንግ በቢላዋ ይቆርጥና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከቁርጡ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ በነጠብጣብ ብቅ ካለ ነገሩ አልቆለታል። ፈሳሹ የባክቴሪያ ክምችት ነው። ቢላዋው ሳይጸዳ ወይም በእሳት ሳይለበለብ የሚቀጥለውን እንሰት ከነካ በሽታውን አብሮ ይወስድለታል።

የግብርና ባለሙያ ሲጠራ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። የታመመውን ንቀል፣ ከማሳው አርቀህ ቅበር፣ ቢላዋህን አጽዳ፣ ከብት ወደ ጓሮ አታስገባ ይላል። ለመናገር ይቀላል። አንድ እንሰት ግን ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሚነቀለው ተክል ቤተሰቡ ለክፉ ቀን በቁሙ ያስቀመጠው ጎተራ ነው። ከታመመው ጎን ደግሞ ቅጠሉ የለመለመ፣ ግንዱ የወፈረ ሌላ እንሰት ቆሟል። በሽታው ውስጡ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ጨርሶ ላይገባበትም ይችላል። እሱስ ይነቀል?

ጥያቄው ላይ ላዩን የግብርና ነው፤ ሥሩ ግን የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። የሀገሬው ሰው በኃጥአን የመጣ ለጻድቃን ይተርፋል እያለ የሚያማርረው ነገር ይኸው ነው። አብርሃም ስለ ሰዶም ከፈጣሪው ጋር የተከራከረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር። በከተማይቱ ጥቂት ጻድቃን ቢገኙ አብረው ይጥፉ ወይ ብሎ ከሃምሳ ጀምሮ እየለመነ እስከ አሥር ወረደ። የኳራንቲን ሥራ ይህን ክርክር በየማሳው ይደግመዋል፤ ልዩነቱ አብርሃም የተከራከረው ሁሉን ከሚያውቅ ዳኛ ፊት መሆኑ ነው። የማሳው ዳኛ የሚፈርደው በግምት ነው። አንድ ሰው ሊደርስ ይችላል በሚባል ጉዳት ምክንያት ለጎረቤቱ ደኅንነት ሲባል ንብረቱን ሲያጣ ፍርዱ ትክክል የሚሆነው ምን ሲሟላ ነው?

ለጥያቄው ኢትዮጵያ ባዳ አይደለችም። በሽታው ለዓለም ሳይንስ የተዋወቀው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በእንሰት ላይ አይቶ ጽፎለት ነበር፤ መንስኤው ባክቴሪያ ተለይቶ ስም የወጣለት ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ ባሳተሙት ጥናት ነው። በ1974 እነዚሁ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ሙዝንም እንደሚያጠቃ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ከሩብ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከኢትዮጵያ ውጭ ተገኘ ያለ አልነበረም። በሀገር ውስጥ ግን በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከፋ፣ በሐዲያ ጓሮዎችን ማራቆቱን አላቋረጠም። በ2001 በኡጋንዳ ሙኮኖ አውራጃ ሙዝ ያለ ጊዜው እየበሰለ ውስጡ ሲበሰብስ ተገኘ። በዚያው ሰሞን በምሥራቅ ኮንጎ ማሲሲ አካባቢም ታየ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ብሩንዲ በተራ በተራ ተያዙ። ሙዝ ለዚያ አካባቢ ሰው የዕለት ምግቡ ነው፤ ብዙ የኡጋንዳ ሰው ማቶኬ የሚባለው የሙዝ ምግብ ሳይቀርብለት በላሁ አይልም።

በ1968 እና በ2001 መካከል ያለው ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። አደጋው ታውቆ ነበር፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር፣ ሙዝን እንደሚነካም ተነግሮ ነበር። ለመከላከል ግን ከማወቅ ሌላ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ አደጋውን መዝኖ ይህ ያሰጋል ብሎ የሚወስን ሰው።

ምዘናው ዛሬ የራሱ ሥርዓት አለው። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1951 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥላ ሥር ተፈረመ፤ የተባይ ስጋት ትንተና የሚካሄድባቸው መመሪያዎችም ከእሱ ወጡ። ተንታኙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው። ተባዩ ወደ ሀገሩ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከገባ የሚስማማው አየርና የሚያርፍበት ተክል ያገኛል ወይ? ካገኘ በምን ፍጥነት ይዛመታል? ከተዛመተስ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል? ዕድሉና ጉዳቱ ተገናዝበው ውሳኔ ይሰጣል። የኳራንቲን ተባይ የሚባለው ደግሞ በአካባቢው ገና ያልገባ፣ ወይም ገብቶ ያልተስፋፋና በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ፣ ኢኮኖሚያዊ ጉዳቱም ከባድ የሆነ ተባይ ነው።

ሥርዓቱ በጥንቃቄ የተሠራና ብዙ ሀገሮችን ከጥፋት ያዳነ ነው። ሆኖም ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ነገር ሁሉ እኩል አይከብድም። እንሰት ወደ ሃያ ሚሊዮን ለሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ምግብ ነው። ቆጮና ቡላ ግን ወደ ውጭ የሚላኩት በጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው እዚያው ተመርቶ እዚያው ይበላል። መመሪያው ማኅበራዊ ጉዳትም እንዲመዘን ያዛል፤ ይሁን እንጂ በገበያ ዋጋ ያልወጣለት ነገር በሠንጠረዥ ላይ ሲሰፍር መሳሳቱ አይቀርም። በጓሮ ተመርቶ በጓሮ የሚያልቅ ምግብ መጥፋቱ የሚታየው በመርከብ ጭነት ቁጥር ላይ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ባልሄደ ልጅ፣ ከብት በሸጠ አባወራ ላይ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት የድንች ባክቴሪያዊ አጠውላጊ በሽታን ማንሳት ይበቃል። መንስኤው ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ትንባሆ እያለ ከሁለት መቶ በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይይዛል። ከአፈር በሥር ቁስል ይገባና ውኃ የሚያወጡትን ቧንቧዎች በዝልግልግ ነገር ይደፍናል፤ ማሳው እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በጥማት ይሞታል። ብርድ የሚስማማው የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የእርሻ ባዮ ሽብር መከላከያ ሕግ በወጣ ጊዜ ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አደገኛ ጀርሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ2020 ጸደይ ከጓቲማላ በመጡ የጄራኒየም አበባ ችግኞች ላይ ተገኘ ሲባል በ44 ግዛቶች ከ650 በላይ ችግኝ ጣቢያዎች ክትትል ተደረገባቸው፤ ተክሎች እንዲወድሙ፣ ቦታዎች እንዲጸዱ ታዘዘ። በወራት ውስጥም በሽታው መጥፋቱ ተነገረ። ይኸው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከዘር ድንች ጋር ከማሳ ማሳ ሲጓዝ አንድም ደወል አይደወልም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለአንዱ ሀገር የደኅንነት ጉዳይ የሆነው ለሌላው የኑሮ ዕጣ ሆኖ መቅረቱ ግን ሊያንገበግብ ይገባል።

የድንቹ ነገር ሌላም ያስተምራል። በብርድ አካባቢ የተመረተ ዘር ድንች ባክቴሪያውን ይዞ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ልጣጩ ንጹሕ ነው፣ ሲቆረጥም ነጭ ነው። ወደ ሞቃት ማሳ ወርዶ ሲዘራ ይጠወልጋል። የጠወለገውን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ይቆረጥና ንጹሕ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ እንዲነክር ተደርጎ ይንጠለጠላል። በሽታው ካለ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከቁርጡ ሥር ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ብርጭቆው ወለል መውረድ ይጀምራል። ይህ ግን ለጠወለገው ነው። ጤነኛ የሚመስለውን ዘር ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ገበሬው ደግሞ ዘሩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከገበያ ወይም ከዘመድ ነው።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የሚያዛምቱት አብዛኛዎቹ ተግባሮች መልካም የሚባሉ ናቸው። በእንሰት አካባቢ ልጅ ሲያገባ አባት ከእንሰቱ ያካፍለዋል፤ አዲሱ ጎጆ የሚቆመው በዚያ ነው። ሴቶች ተጠራርተው በደቦ ሲፍቁ ቢላዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ዘር ያጣ ጎረቤት ይሰጠዋል፤ ቅጠል ለከብት ሲፈለግ ከጎረቤት ጓሮ ይቆረጣል። እንሰት ብዙ ጊዜ አበባ ሳያወጣ ስለሚነሳ፣ በሙዝ ላይ ከአበባ አበባ በሽታውን የሚያሻግሩት ነፍሳት እዚህ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው። ዋናው አሻጋሪ የሰው እጅ ነው፤ ያውም የሚሰጥና የሚያግዝ እጅ።

ታዲያ ሳያውቅ በሽታ የሰጠ ሰው በደለኛ ነው? ኦሪት ዘሌዋውያን ስለዚህ የሚናገረው በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ሰው ሳያውቅ የሠራው ስሕተት እንዳልነበረ አይቆጠርም፤ በደሉ በታወቀው ጊዜ መሥዋዕት ያቀርባል። በድፍረት ከበደለው ጋር እኩል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ ግዴታ አለበት። በአጠውላጊ በሽታ ላይ ይህን አስተሳሰብ ማዋል ይቻላል። አባት ለልጁ የሰጠው እንሰት በሽታ ይዞ ቢገኝ ስጦታውን ወንጀል ማለት ግፍ ነው። የቢላዋው ነገር በግልጽ ከተነገረው በኋላ ሳያጸዳ የሚያውሰው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ትምህርት ከሙያ ምክርነት ያልፋል፤ ሰሚውን በጎረቤቱ ፊት ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰሚው ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር አስተምሮ መሄድ ራሱ በደል ይሆናል።

ሌላ ተቃውሞም አለ፤ ከእምነት የሚነሳ። አንዳንድ ሰው በሽታው የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ የመጣውን መቀበል ነው ይላል። ይህ ክርክር በእስልምና ታሪክ ውስጥ በግልጽ ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ639 ገደማ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ወደ ሻም ሲጓዙ የዐምዋስ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ከድንበሩ ለመመለስ ወሰኑ። የሠራዊቱ መሪ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን የሚል ጥያቄ አቀረቡላቸው። የዑመር መልስ ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው መሄዳቸው እንደሆነ የሚገልጽ ነበር፤ ግመሎቹን ከደረቁ ሸለቆ ማዶ ይልቅ በለመለመው በኩል የሚያሰማራ እረኛም ያንኑ እንደሚያደርግ በምሳሌ አስረዱ። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው ነቢዩ ወረርሽኝ ወዳለበት ሀገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸውን መሰከሩ። የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ከጤነኞቹ እንዳያቀላቅላቸው የሚያዝም ሐዲስ አለ። ጥንቃቄ ከእምነት ጋር እንደማይጣላ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር መፈለግ አያሻም። ትእዛዙ ወደ ሁለት አቅጣጫ መሆኑም ልብ ይባል፤ ጤነኛው እንዳይገባ ይጠብቃል፣ ውስጥ ያለውን ደግሞ ስለ ሌሎች ሲል እንዲቆይ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከባዱ ነው። አቡ ዑበይዳ ራሳቸው በዚያው ወረርሽኝ አረፉ።

ስለ ፍርዱ አሠራር ግን ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የሚበልጥ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። የሚናገረው የለምጽ ደዌ ስለታየበት ቤት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ በቤቴ ደዌ የሚመስል ነገር አይቻለሁ ብሎ ያመለክታል። ካህኑ ሊያይ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ከገባ በኋላ ርኩስ ነው ብሎ ቢፈርድ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይረክሳልና። ከዚያ ግድግዳውን ያያል፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ ጎድጓዳ ምልክት ካገኘ ወጥቶ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያያል። ደዌው ከሰፋ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይነቀላሉ፣ የግድግዳው ምርግ ይፋቃል፣ ከከተማ ውጭ ይጣላል፣ በምትኩ ሌላ ድንጋይና ሌላ ምርግ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ተመልሶ ከወጣ ያን ጊዜ ቤቱ ይፈርሳል።

የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ውስጥ ዕቃው ቀድሞ ስለሚወጣበት ትእዛዝ ጠይቀዋል። ረቢ ሜየር እንዳሉት የእንጨት፣ የጨርቅና የብረት ዕቃ ቢረክስ በውኃ ይነጻል። ሊድን የማይችለው ሸክላ ብቻ ነው። እንግዲህ ሕጉ የተጨነቀው ለባለቤቱ የሸክላ ዕቃ ነው ማለት ነው፤ ከንብረቱ ሁሉ ርካሽ ለሆነው። ሕጉ ለሸክላው ይህን ያህል ካሰበ ለሰውየው ምን ያህል እንዳሰበ መገመት አይከብድም።

ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ለምን ያመለክታል? የሚያመለክተው ሕጉ ወዲያው እንደማያፈርስበት ስለሚያውቅ ነው። ካህኑ አስቀድሞ ዕቃውን ያድንለታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ያያል፣ ከመላው ቤት በፊት አንዷን ድንጋይ ይሞክራል። የትኛውም የስጋት ግምገማ ቢሆን በማሳ ላይ ያለው ሰው ከሚሰጠው ወሬ የተሻለ መረጃ የለውም፤ ገበሬው ከደበቀ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ሐሰት ነው። ለዚህ ነው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብልሃት የሚሠራው እሳቱን መጀመሪያ ያየው ሰው ለመናገር ካልፈራ ብቻ የሆነው።

ከዘመናት በኋላ ሳይንስ በሙዝ ማሳ ላይ ወደዚያው ሥርዓት መድረሱ የሚደንቅ ነው። በኡጋንዳ በሽታው በተነሳበት ሰሞን የተሰጠው ምክር አንድ የሙዝ ግንድ ከታመመ ከአንድ ሥር የበቀሉት ሁሉ ተቆፍረው ይውጡ የሚል ነበር። ሥራው ጉልበት ይጨርሳል፣ ምግቡንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ብዙ ገበሬ አልፈጸመውም፤ አለመፈጸሙም በግድየለሽነት ተቆጠረበት። ኋላ ላይ በምሥራቅ ኮንጎ በኪቩ በተደረጉ ሙከራዎች ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ምልክት ያሳየውን ግንድ ብቻ ወዲያው ከመሬት እኩል መቁረጥ፣ መሣሪያውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ማሳውን እየተመላለሱ ማየት፣ አዲስ ምልክት ሲታይ እንደገና መቁረጥ። በወራት ውስጥ የታመሙት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ምክንያቱም ባክቴሪያው ከአንድ ሥር በበቀሉት ሁሉ ላይ ሁልጊዜ አይደርስም፤ የታመመው በጊዜ ከተቆረጠ ወንድሞቹ ይተርፋሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ብዙ ጤነኛ ግንዶችን አስቆፍሯል። ምክሩን የሰጡት ሰዎች በያዙት እውቀት መጠን በቅንነት የሠሩ ናቸው፤ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ይሁንና የጻድቅና የኃጥእ ክርክር መልስ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ እዚህ ይታያል፤ በቅርበት ማየት። ማሳውን በሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ መቁረጥ ግዴታ ይመስለዋል። ማጥፋትን ከማዘዝ በፊት የማወቅ ግዴታ አለ ማለት ከሳይንስ ትጋት አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ ያዋለው የዕፅዋትና የእንስሳት ጤና ስምምነት ይህንኑ ይላል፤ በቂ መረጃ በሌለበት ጊዜ ሀገሮች ጊዜያዊ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል፣ ነገር ግን የጎደለውን መረጃ የመፈለግና ውሳኔውን በተገቢው ጊዜ እንደገና የማየት ግዴታ ይጥልባቸዋል። የካህኑ ሰባት ቀንም ያው ነው።

ክርስቲያን አንባቢ እዚህ ላይ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ ሊያነሳ ይችላል። የእርሻው ጌታ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሁለቱም እስከ አጨዳ ይቆዩ ብሏልና። ምሳሌው ግን የሚናገረው ስለ ሰው ልጆች ነው፤ ሰው ሊመለስ ይችላል፣ የታመመ እንሰት ግን ንስሐ አይገባም። ቢሆንም በምሳሌው ውስጥ ያለው ፍርሃት፣ ማለትም በችኮላ የሚነቅል እጅ የሚያጠፋው ነገር፣ በማሳም ላይ እውነት ነው።

በቅርበት ማየት ሁልጊዜ አይበቃም። በደቡብ ጣሊያን ፑሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ዛይሌላ የተባለ ባክቴሪያ በወይራ ዛፎች ላይ ተገኘ፤ እሱም ውኃ አመላላሹን ቧንቧ እየደፈነ ዛፉን ያደርቃል። የአውሮፓ ኅብረት በአንዳንድ ቦታዎች ከታመመው ዛፍ ዙሪያ በ100 ሜትር ውስጥ ያሉ ተጋላጭ ተክሎች ሁሉ፣ ጤነኛም ይሁኑ፣ እንዲቆረጡ አዘዘ። ከእነዚያ ዛፎች መካከል የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። ሕዝቡ ተቃወመ። በታኅሣሥ 2015 የሌቼ ዐቃቤ ሕግ ቆረጣውን አስቆመ፤ ጥናቱን በሚያካሂዱ ሳይንቲስቶች ላይ እንኳ ምርመራ ተከፈተ፣ ኋላ በ2019 ፋይሉ ተዘጋ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሰኔ 2016 ትእዛዙ ሕጋዊ ነው ብሎ ወሰነ። በሽታው ምልክቱን ዘግይቶ ስለሚያሳይና ነፍሳት ስለሚያዛምቱት ጤነኛ የሚመስለውን መተው አደገኛ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። ፍርድ ቤቱ አያይዞም በትእዛዙ ውስጥ ስለ ካሳ አለመጻፉ ባለንብረቶች ካሳ የመጠየቅ መብት የላቸውም ማለት እንዳልሆነ ገለጸ። ክርክሩ እየተጓተተ በሽታው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አደረቀ።

የፑሊያ ነገር ለሁለቱም ወገን መራራ ነው። ዛፉን ያቀፉት ሰዎች ዛፉን አላዳኑም። ትእዛዙን ያወጡት ሰዎችም በሳይንሱ ትክክል ሆነው ሳለ ሕዝቡን ሊያሳምኑ አልቻሉም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኃላፊነት መጽሐፉ ውጤቱ በማይታወቅበት ጊዜ ለክፉው ትንበያ ቅድሚያ መስጠት እንደሚገባ ይሞግታል። ለሰው ልጅ ህልውና ሲባል ሐሳቡ ጠንካራ ነው። ማሳ ላይ ሲወርድ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ክፉውን የሚተነብየውና ጥንቃቄውን የሚያዘው አንድ ሰው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ፍርሃቱ ወሰን አይኖረውም። የሌላውን ዛፍ ለመቁረጥ ማንም አይሰስትም። ትእዛዝ ሰጪው አካል ከኪሱ የሚያወጣው ነገር ሲኖር ነው አንዷን ድንጋይ ከመላው ቤት ለይቶ ለማየት የሚተጋው።

በኢትዮጵያ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 ከወጣ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ዋና ትኩረቱ በድንበርና በወደብ የሚያልፈው ነው። በጓሮና በጓሮ መካከል ያለው ድንበር ግን በአብዛኛው የተተወው ለምክርና ለይሉኝታ ነው። እዚያ ድንበር ላይ የሚታዘዘው ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በሴቶች ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚያብላሉት፣ ቆጮውን ጋግረው የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው፤ ገና ያልደረሰ እንሰት በሽታ ፈርቶ በችኮላ ሲነሳ ከብዙ ድካም በኋላ የሚያገኙት ጥቂት ነው። የንቀል ውሳኔ ሲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ወንዱ ነው።

ካሳ ሲባል የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም። ማዚያ የሚባለው የእንሰት ዝርያ በሽታውን ጨርሶ ባያስቀርም ከብዙዎቹ በተሻለ እንደሚቋቋመው በወላይታና በዳውሮ ገበሬ ዘንድም በምርምር ማዕከላትም ይታወቃል። እንሰቱን እንዲነቅል የታዘዘ ቤተሰብ ያን ዕለት ንጹሕ የማዚያ ችግኝ ቢደርሰው፣ ችግኙ እስኪደርስ ላሉት ዓመታት ደግሞ የሚዘራው ፈጣን ሰብልና የሚበላው እህል ቢታሰብለት፣ ቢላዋ ማጽጃ በረኪና ቀበሌው ቢያቀርብለት፣ ትእዛዙ ሌላ ፊት ይኖረዋል። ይህ ወጪ ዛሬ በስጋት ግምገማው ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምድ የለውም። የመግባት ዕድል፣ የመዛመት ፍጥነት፣ የጉዳት መጠን የሚሉት ዓምዶች በቁጥር ሲሞሉ እንሰቱን የነቀለው ቤተሰብ የሦስትና የአራት ዓመት ቀለብም በአንድ ዓምድ ሊሞላ ይገባል፤ ከጎኑም የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ስም።